የመርሳት በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ከቤት ወጥተው እንዳይጠፉ፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖሩ ቤተሰቦች

የመርሳት በሽታ (በሕክምና አጠራሩ ዲሜንሺያ) ማስታወስን፣ ማሰብን፣ ጊዜንና ቦታን መለየትን እንዲሁም የዕለት ተግባርን የማከናወን ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያዳክም የአንጎል ችግር ነው። ብዙ ጊዜ «ጃጁ»፣ «እርጅና ተጫናቸው» ተብሎ ይታለፋል። እርጅና ብቻውን ግን ሰውን የገዛ ቤቱን መንገድ አያስረሳም። ከበሽታው ዓይነቶች በብዛት የሚታየው አልዛይመር ሲሆን፣ ስትሮክና ለረጅም ጊዜ ያልታከመ የደም ግፊት የአንጎልን የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣውም ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ገልጿል።

ቤተሰብን በጣም ከሚያስጨንቁ የበሽታው ጠባዮች አንዱ ታማሚው ሳይታይ ከቤት ወጥቶ መመለሻው ሲጠፋበት ነው። የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር እንደሚለው ከ10 ታማሚዎች 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ያጋጥማቸዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ አደጋው ከሌላው ቦታ ይከፋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ክፉኛ ይበርዳል፣ በክረምት ዝናቡና ጉሙ አለ። ከከተማው በስተሰሜን መንገዱ በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። በዳባትም ሆነ በገጠር ቀበሌዎች ፈፋና ሸለቆ ከቤት ደጃፍ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ እዚህ አንድ አረጋዊ ጋቢ ሳይደርቡ ወጥተው ቢያድሩ ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ነው።

ለምን ይወጣሉ?

አብዛኛው ቤተሰብ «ዝም ብለው ነው የሚባዝኑት» ይላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ምክንያት አለ። ምክንያቱ የዛሬ ላይሆን ይችላል፤ የዛሬ 40 ዓመት ሊሆን ይችላል። አመሻሽ ላይ ተነስተው ወደ በር የሚያመሩት እናት ጥጆቹ በረት መግባታቸውን ሊያዩ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሱት አባት ዕድሜ ልካቸውን ኪዳን አስደርሰው የሚመለሱ ስለነበሩ ነው፤ ወይም የንጋት ሶላት አዛን ሰምተው ነው። ከዘመናት በፊት የሞተች እህታቸውን ሊጠይቁ የሚነሱም አሉ። ከእነዚህ ውጪ ረሃብ፣ ጥማት፣ ሽንት፣ የሆድ ድርቀት፣ የጉልበት ሕመም፣ ብርድ፣ የቤቱ ጫጫታ ወይም ሥራ ፈቶ መቀመጥ ያስነሳቸዋል። ታማሚው «ሽንቴ መጣ» የሚለው ቃል ጠፍቶበት «ልሂድ» ብቻ ሊል ይችላል።

በእኛ አካባቢ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው «ቤቴ ልሂድ» የሚለው ልመና ነው። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከነበረው የግጭ መንደር ወጥተው ደባርቅ ዳር እንዲሰፍሩ የተደረጉ ቤተሰቦች አሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባትና ወደ ጎንደር የገቡም ብዙ ናቸው። ሌሎች አረጋውያን ደግሞ አቅም ሲያንሳቸው ከገጠር ወደ ልጆቻቸው ቤት መጥተዋል። የመርሳት በሽታ የቅርቡን አስቀድሞ ይወስዳል፣ የጥንቱን ዘግይቶ። ስለዚህ አሁን የሚኖሩበት ቤት ለእሳቸው የሰው ቤት ነው፤ ቤታቸው ያ ተራራ ላይ ያለው ነው። እግራቸውም ወደዚያ ያቀናል። የቀድሞ ቀያቸው በየት በኩል እንደነበር፣ በየትኛው መንገድ ይመላለሱ እንደነበር የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆቹም ጭምር፣ ይወቅ። ቢጠፉ መጀመሪያ ከሚታሰሱት መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ጠባዩ ከመጥፋታቸው በፊት ይታያል። ከለመዱት ቦታ ዘግይተው ይመለሳሉ፤ እቤታቸው ተቀምጠው ቤታቸውን ይጠይቃሉ፤ ሲመሽ ይቁነጠነጣሉ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወይም ዱላቸውን ይዘው በር በሩን ያያሉ፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ዝግጅቱን ዛሬ ይጀምሩ። አንድ ጊዜ ወጥተው የተመለሱ ሰው ደግመው ይወጣሉ ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ለውጡ ድንገት ከመጣ

ሰውዬው እስከ ትናንት ደህና ሆነው፣ ወይም በሽታው ቢኖርም ረጋ ብለው ቆይተው፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መቃዠት፣ መነጫነጭና ለመውጣት መታገል ከጀመሩ «በሽታው ባሰ» ብለው አይቀመጡ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የሽንት መታገድ ወይም ከባድ የሆድ ድርቀት በአረጋውያን ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይገለጣል፤ ትኩሳት ላይኖረውም ይችላል። ከወደቁ በኋላ ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት የመጣ ለውጥ ከሆነ በራስ ቅል ውስጥ ደም መቋጠሩ ያጠራጥራል። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ የስኳር መጠን ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሚታከሙ ናቸው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ለጉንፋንና ለአለርጂ ከፋርማሲ የሚገዙ አንዳንድ የሚያስተኙ ኪኒኖች፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጡ አንዳንዶቹ፣ እንዲሁም አሚትሪፕቲሊንና ዲያዜፓም የአረጋዊን አእምሮ ያደናግራሉ። ጠላና አረቄም እንዲሁ።

የዓይንና የጆሮ ጉዳይ አይረሳ። የዓይን ሞራ ያለባቸው ሰው በድንግዝግዝ ጥላውን ሰው ይመስላቸዋል፣ ደንግጠውም ይወጣሉ። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሳል።

ቀኑን በልማዳቸው መሠረት ማዋቀር

ለሳምንት ያህል የሚነሱበትን ሰዓት ይመዝግቡ። መቼ ነው ወደ በር የሚሄዱት? ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር? ምን ይላሉ? ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ተመሳሳይ ሆኖ ያገኙታል፤ ሰዓቱ ከታወቀ ደግሞ ቀድሞ መገኘት ይቻላል። አመሻሽ ላይ 11 ሰዓት ገደማ የሚነሱ ከሆነ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከሰው ጋር በግቢው ወይም በሰፈሩ ዞር ዞር ይበሉ፣ ከዚያ መክሰስና ትኩስ ነገር ይቅመሱ። የማለዳ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ያላቸውን ሰው ከመከልከል አንድ ሰው አብሮ ይዟቸው ቢሄድ ይሻላል። መሄድ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ጉዳቱ ብቻቸውን መሄዳቸው ነው።

እጃቸው ሥራ ያግኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈትሉ የኖሩ እናት እንዝርትና ጥጥ ቢሰጣቸው፣ ገብስ ወይም ምስር ቢለቅሙ፣ አባት ገመድ ቢገምዱ ለረጅም ሰዓት ይረጋጋሉ። ሥራው በትክክል መሠራቱ አስፈላጊ አይደለም። የለቀሙትን ምስር ማታ መልሰው ቀላቅለው ነገ ቢያቀርቡላቸው ማንም አይጎዳም።

የጾም ወራት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እስከ ቀትር በኋላ ሳይበሉና ሳይጠጡ መቆየት በታማሚው ላይ መደናገርን ያብሳል፣ መድኃኒትንም ያስተጓጉላል። ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱን ማማከር የተለመደ ነው፤ በረመዳንም በሽተኛ ላለመጾም የተፈቀደለት መሆኑ ይታወቃል። ታማሚው «ጾሜን ልፈታ አልችልም» ቢሉ ቃሉ ከአባታቸው ወይም ከሼኹ አፍ ሲመጣ ይቀላቸዋል።

«ልሂድ» ሲሉ ምን ይባላል?

«ቤትዎ እኮ ይኸው ነው!» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አይሠራም፤ ክርክር ይሆናል፣ ክርክሩም ወደ በር ይገፋቸዋል። ስሜታቸውን ይዞ ማዞር ይበልጣል። ለምሳሌ እናት «ልሂድ፣ ጥጆቹ ሜዳ ላይ ቀሩ» ቢሉ፦ «እማዬ፣ ለጥጆቹ እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ስንት ነበሩ? ብርዱ ጠንክሯል፣ ጋቢውን እንደርብና ቡናው ሳይቀዘቅዝ አንድ ስኒ እንጠጣ።» መሄዱን አጥብቀው ከፈለጉ አብረው ይውጡ፤ ትንሽ ተራምደው «እንመለስ፣ ሰው እየጠበቀን ነው» ሲባሉ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። እጅ ጎትቶ ማስገባት ለነገው ፍርሃት ይተዋል።

ሌሊትና ሽንት ቤት

በአብዛኛው ቤት ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። አረጋዊው በእንቅልፍ ልብ ተነስተው በር ከፍተው ይወጣሉ፣ በጨለማ አቅጣጫው ይምታታባቸውና የግቢውን በር አግኝተው ይሄዳሉ። ከተማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ይህ ይብሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ማታ አልጋቸው አጠገብ ፖፖ ወይም ክዳን ያለው ባልዲ ይቀመጥ፤ ከመተኛታቸው በፊት ሽንት ቤት ይወሰዱ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ውሃና ቡና ይቀንስ (ቀን ላይ ግን በደንብ ይጠጡ)፤ ትንሽ በሶላር የሚሠራ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይብራ። ቀን ሲያንቀላፉ የሚውሉ ከሆነ ሌሊቱን ይነቃሉ፤ ቀን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥና ማንቀሳቀስ ለሌሊቱ እንቅልፍ ይረዳል። አንድ ሰው በዚያው ክፍል፣ ቢቻል በበሩ በኩል ይተኛ።

የሌሊት ልብሳቸው ቀላል ከሆነ ወጥተው ቢጠፉ ብርዱ በቶሎ ያገኛቸዋል። ሹራብና ካልሲ አድርገው ይተኙ። ነጭ ጋቢ ደግሞ በባትሪ ብርሃን ከሩቅ ስለሚታይ ከጥቁር ካፖርት ይመረጣል።

በር፣ ቁልፍ፣ ገመድ

የመጀመሪያው ዕቃ ቁልፍ ሳይሆን ድምፅ ነው። በቤቱና በግቢው በር ላይ ቃጭል ወይም የሚንኳኳ ቆርቆሮ ያንጠልጥሉ፤ በሩ ሲከፈት የቤቱ ሰው ይሰማል። ቀጥሎ መቀርቀሪያውን ከለመዱት ቦታ ማንሳት ነው፤ ከዓይናቸው ከፍታ በላይ ወይም ከጉልበት በታች ሲሆን ብዙ ታማሚዎች አይፈልጉትም። ዱላቸው፣ ጫማቸውና ነጠላቸው በር ላይ ተሰቅሎ ከታየ «ሂድ» ብሎ ያስታውሳቸዋልና ከዓይን ይራቅ። በአጥሩ ላይ ያለ ክፍተት ይደፈን።

ሰው በሌለበት ቤት ቆልፎባቸው መሄድ ግን አይገባም። ምድጃና ከሰል ባለበት ቤት እሳት ቢነሳ መውጫ የላቸውም። ቢወድቁም የሚያነሳ የለም። በገመድ ወይም በሰንሰለት ማሰር ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ያሰሩት ልጆች ጨካኞች ሆነው አይደለም፤ ገደሉን ፈርተው፣ ሥራም ጠርቷቸው ነው። ውጤቱ ግን ይታወቃል፦ የታሰረ አረጋዊ ይታገላል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ጡንቻው ይዝላል፣ ከተፈታ በኋላ ይወድቃል፣ መደናገሩም ይጨምራል። ከመታሰር ሌላ አማራጭ የጠፋ ከመሰለዎት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሩ፤ ያ ደረጃ ቤተሰቡ ብቻውን ሊሸከም ከሚችለው በላይ የደረሰበት ነው።

ስለ ጠበልም አንድ ቃል። ጠበል መውሰድ የቤተሰቡ ምርጫ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይኑር። በቦታው ግርግር ስላለ አንድ ሰው ከአጠገባቸው አይለይ፤ በብርድ ሰዓት ረጥበው አይቆዩ፤ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ሌላ መድኃኒታቸው አይቋረጥ።

ጎረቤት ካላወቀ

ብዙ ቤተሰብ ነገሩን ይሸሽጋል። «ስማቸው ይጠፋል»፣ «ቤተሰቡ ዘሩ ነው ይባላል» የሚል ስጋት አለ። ሆኖም ያላወቀ ጎረቤት ምን እንደሚያደርግ ያስቡ፦ አረጋዊውን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ቆሞ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ አባባ» ይላቸዋል፣ አክብሮ ያሳልፋቸዋል። ያሳለፋቸው ወደ ገደሉ ነው። የሚያውቅ ጎረቤት ደግሞ ሰላምታውን ሰጥቶ «እኔም በዚያው ነኝ» ብሎ አብሯቸው እየተራመደ ይደውልልዎታል። ከሁሉም መከላከያ ይህ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ለማን ይነገር? በግራና በቀኝ ላሉት አምስት ስድስት ቤቶች፣ ለመንገዱ ባለ ሱቅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ወይም ለመስጊዱ ሙአዚን፣ ለዕድር ዳኛው፣ በዚያ በኩል ለሚመላለሱ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ለቀበሌው ሚሊሻ። በመናኸሪያ አቅራቢያ ከሆናችሁ ለረዳቶችም፦ የጎንደር–ሽሬ መንገድ በዳባትና በደባርቅ መሃል ያልፋል፣ አንድ አረጋዊ መኪና ላይ ከተሳፈሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ወረዳ ናቸው። የሚነገረው ረጅም መሆን የለበትም፦ «እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት፤ ብቻዋን ካያችኋት አብራችኋት ሆናችሁ ደውሉልኝ፣ አትከራከሯት።»

ስልክ ቁጥር የያዘ ወረቀት ከኪስ ይወድቃል። ስማቸውንና የሁለት ሰው ስልክ በማይለቅ ቀለም ጨርቅ ላይ ጽፈው ዘወትር ከሚለብሱት ልብስ ሁሉ ውስጠኛ በኩል ይስፉት። በስልክዎ ላይ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ይኑር። አቅጣጫ የሚያሳይ መሣሪያ ውጭ ያሉ ልጆች ሊልኩ ይችላሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ አይሠራም፣ ባትሪውም መሞላት አለበት።

የገበያ ቀን፣ ለቅሶ፣ ሠርግና ጥምቀት ሁሉ ሰው የሚበዛበትና እያንዳንዱ «ሌላው ያያቸዋል» የሚልበት ጊዜ ነው። በእነዚህ ቀናት ጠባቂው አንድ ሰው በስም ይወሰን፤ ሲቀየርም «ተረከቤያለሁ» ይባባሉ።

ከጠፉ

ይመለሳሉ ብለው አይጠብቁ። ፖሊስ ጋ ለመሄድ 24 ሰዓት መሙላት አለበት የሚባለውም ለእንዲህ ዓይነት ሰው አይሠራም። ቤቱን፣ በረቱን፣ ጎተራውን፣ የድርቆሹን ክምርና ሽንት ቤቱን በ10 እና በ15 ደቂቃ ውስጥ ይፈትሹ፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው መደወል ይጀምር። ካልተገኙ ለፖሊስ፣ ለቀበሌና ለዕድር ያሳውቁ፤ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ይጠቀሙ። የለበሱትን፣ የታዩበትን የመጨረሻ ቦታና ሰዓት፣ የቀድሞ ቀያቸውን ይናገሩ። አንድ ሰው ስልክ ይዞ እቤት ይቅር፤ ራሳቸው ሊመለሱ ይችላሉ።

ፍለጋው እንደ ጠፋ ልጅ ወይም እንደ ጠፋ ከብት ፍለጋ አይደለም። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከወጣበት ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። የሚጓዘው አንድ ነገር እስኪያግደው ድረስ ነው፤ አጥር፣ ቁጥቋጦ፣ ፈፋ፣ ጭቃ። እዚያው ይቀራል። ሲጠሩት አይመልስም፣ ርዳታም አይጮህም። ስለዚህ መንገድ ለመንገድ እየተጣሩ መሄድ አይበቃም፤ ቁጥቋጦውን መግለጥ፣ የፈፋውን ጥግና የድንጋይ ካቡን ሥር በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የተፈተሸ ቦታ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይፈተሽ። ከሊማሊሞ አፋፍ በኩል የሚፈልጉ ሰዎች በሌሊት ብቻቸውን አይሂዱ።

ሲገኙ

ከፊት ለፊት፣ በዝግታ፣ በለመዱት ስም እየጠሩ ይቅረቡ። ቁጣና ለቅሶ ይቆየን። ብርድ ላይ የቆዩ ከሆነ ሆዳቸውን ይዳስሱ፤ ሆዳቸው ከቀዘቀዘ፣ ንግግራቸው ከተንተባተበ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ወይም ብርድ ላይ ሆነው መንቀጥቀጣቸው ከቆመ የሰውነት ሙቀታቸው ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላልና ሕክምና አሁኑኑ ያስፈልጋል። እስከዚያው እርጥብ ልብሱን አውልቀው ራሳቸውን ጨምረው በደረቅ ጋቢና ብርድ ልብስ ይጠቅልሏቸው፣ ከመሬት ያንሱ፣ ሌላ ሰው አቅፎ ያሙቃቸው። ነቅተው መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ብቻ ለብ ያለ ጣፋጭ ሻይ ይስጡ። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ስህተት ነው፤ የሰውነትን ሙቀት ያባክናል። እጅና እግራቸውን አይሹ፣ እሳት ዳርም አያስጠጉ፣ አያስሩጡ ወይም አያስረምዱ። ወድቀው ከሆነ የዳሌ ሕመም ወይም የጭንቅላት ቁስል መኖሩን ያስመርምሩ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ

ከቤት መውጣትን የሚያቆም ኪኒን የለም። የሚያስተኙ መድኃኒቶች መውደቅን ያበዛሉ፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክና የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ስለሚታወቅ ሐኪሙ ሳያዝ ከዘመድ ተቀብለው አይስጡ። ሐኪሙ ግን ብዙ ሊያደርግ ይችላል፦ መርሳትን የሚያስከትሉና የሚታከሙ እንደ ታይሮይድ ችግርና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያሉትን ይመረምራል፣ ሕመምን ያስታግሣል፣ የደም ግፊቱን ይቆጣጠራል። በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፤ ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። የሳምንቱን ማስታወሻዎን፣ የመድኃኒቶቹን ካርቶን፣ አብሯቸው የሚውለውንም ሰው ይዘው ይሂዱ። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ምራት ወይም የልጅ ልጅ ናት፤ ሌሊት ሌሊት የምትነሳው እሷ ስለሆነች ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለ እሷም እንቅልፍ ለሐኪሙ ይነገር። ትምህርቷን አቋርጣ ከሆነ ወንድሞችና እህቶች ተራ ገብተው በሳምንት ጥቂት ሌሊት ይረከቧት።